የሌላውን ሶፍትዌር ለራስ ማበጀት፦ ቅንብር የሚጻፍ ዕውቀት ስለ መሆኑ

በቴፒ ግቢ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬው ርእሴ ሶፍትዌርን በፓኬጅ ማኔጀር አማካይነት ስለ ማቀናበርና ለራስ ስለ ማበጀት ነው። ርእሱ በመጀመሪያ ሲሰማ የቴክኒሻን ጉዳይ ይመስላል። የንግግሬ ዓላማ ግን የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ መሆኑን ማሳየት ነው።

አርባ ኮምፒውተሮች ያሉት አንድ የማስተማሪያ ላብራቶሪ እናስብ። ማሽኖቹ የሚሠሩት በደቢያን ወይም በኡቡንቱ ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት አንድ ትጉህ ባለሙያ የአማርኛ ፊደልና የመተየቢያ ሥርዓት አስገብቶባቸዋል፤ የዳታቤዝ ሰርቨሩን ለአነስተኛ ማሽን እንዲስማማ አድርጎታል፤ ለትምህርቱ የማይስማማ አዲስ ዕትም እንዳይገባ ከልክሏል። ባለሙያው ዛሬ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። ነገ የአንዱ ማሽን ዲስክ ቢበላሽ ያንን ማሽን እንደ ነበረ አድርጎ መልሶ የሚያቆመው ማን ነው?

መልሱ «ማንም» ከሆነ፣ ያ ሁሉ ሥራ የተቋሙ ሀብት አልነበረም ማለት ነው፤ የአንድ ሰው ትዝታ ነበር። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ በዚህ አባባል ይጠቃለላል፦ ሶፍትዌርን ማበጀት በእጅ የሚፈጸም ጥገና ሳይሆን የሚጻፍ፣ የሚነበብና የሚወረስ ዕውቀት መሆን አለበት።

ፓኬጅ ምንድን ነው?

ፓኬጅ የፕሮግራሙ ፋይሎች ከመታወቂያቸው ጋር አንድ ላይ የታሰሩበት ጥቅል ነው። መታወቂያው የፓኬጁን ስም፣ የዕትም ቁጥር፣ እንዲሁም ፕሮግራሙ እንዲሠራ አስቀድመው መገኘት ያለባቸውን ሌሎች ፓኬጆች ይዘረዝራል። ፓኬጅ ማኔጀር ደግሞ ይህን መታወቂያ እያነበበ ፓኬጆችን የሚተክል፣ የሚያድስና የሚነቅል ፕሮግራም ነው።

የደቢያን ፕሮጀክት በኢያን መርዶክ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ፓኬጁን በማሽኑ ላይ የሚዘረጋው ዲፒኬጂ በቀጣዩ ዓመት ተከተለ። የሚያስፈልጉትን ተጓዳኝ ፓኬጆች ፈልጎ ከኢንተርኔት የሚያመጣው አፕት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣው ከደቢያን 2.1 ጋር ለተጠቃሚዎች ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ደቢያን 12 ከ64 ሺህ በላይ ፓኬጆች ይዟል።

ይህን ሁሉ የሚያዘጋጁት ሰዎች የእኛን ላብራቶሪ አያውቁትም። የሚመርጡት ቅንብር ለብዙኃኑ ይሆናል ብለው ያሰቡትን ነው። ስለዚህ ማበጀት የግድ ነው። ጥያቄው የእነርሱ ሥራና የእኛ ሥራ በአንድ ማሽን ላይ ሳይጠፋፉ እንዴት አብረው ይኖራሉ የሚለው ነው።

የፓኬጁ ወሰንና የባለቤቱ ወሰን

በደቢያን ሥርዓት ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ተሰጥቷል። «ዩኤስአር» በሚባለው ፎልደር ሥር ያለው የፓኬጁ ወሰን ነው። «ኢቲሲ» በሚባለው ፎልደር ሥር ያለው ግን የማሽኑ ባለቤት ወሰን ነው። በመጀመሪያው ወሰን ውስጥ ያለን ፋይል በእጁ የሚያርም ሰው ሥራው እስከ ቀጣዩ ማሻሻያ ድረስ ብቻ ይቆያል። ማሻሻያው ሲመጣ ዲፒኬጂ ሳይጠይቅ በላዩ ላይ አዲሱን ፋይል ይጽፍበታል።

በሁለተኛው ወሰን ያለው አሠራር የተለየ ነው። ፓኬጁ የቅንብር ፋይል ይዞ ሲመጣ ዲፒኬጂ የፋይሉን የጣት አሻራ፣ ማለትም ከይዘቱ በስሌት የሚገኝ መለያ፣ ይመዘግባል። በማሻሻያ ጊዜ ሦስት ነገሮችን ያነጻጽራል፦ ቀድሞ የመጣውን፣ አሁን በማሽኑ ላይ ያለውንና አዲስ የመጣውን። ባለቤቱ ፋይሉን ካልነካው አዲሱ በጸጥታ ይተካል። ባለቤቱ አርሞት አዘጋጆቹ ግን ካልቀየሩት የባለቤቱ ይቀራል። ሁለቱም ቀይረውት ከሆነ ብቻ ዲፒኬጂ ቆሞ ይጠይቃል፤ ባለቤቱ ሌላ ምርጫ ካልሰጠም ነባሩን ይጠብቃል።

ተማሪዎቻችን ይህ ጥያቄ በስክሪን ላይ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ሳያነቡ ያልፉታል። ጥያቄው ግን ትርጉም አለው፦ «አንተም ተናግረሃል፣ እነርሱም ተናግረዋል፤ የማንን ልስማ?» ማለት ነው። በትክክል ሊመልስ የሚችለው የመጀመሪያው ለውጥ ለምን እንደ ተደረገ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ምክንያቱ ያልተጻፈ ለውጥ በዚህች ሰዓት ባለቤት አልባ ይሆናል።

አምስት የማበጀት ደረጃዎች

ማበጀት አንድ ዓይነት ሥራ አይደለም። ከቀላሉ ወደ ከባዱ አምስት ደረጃዎችን ለይቼ ላቅርብ።

አንደኛው መመለስ ነው። አንዳንድ ፓኬጆች ሲተከሉ ጥያቄ ያቀርባሉ። ጥያቄዎቹን የሚያስተናግደው ዴብኮንፍ የሚባለው ሥርዓት ሲሆን ጥያቄዎቹ እንደ አስፈላጊነታቸው በአራት ደረጃ ይመደባሉ። መልሶቹን አስቀድሞ በፋይል ጽፎ ማቅረብ ስለሚቻል አርባ ማሽኖች ሰው ፊታቸው ሳይቀመጥ በአንድ ዓይነት መልስ ሊተከሉ ይችላሉ።

ሁለተኛው መጨመር ነው። ዛሬ ብዙ ፕሮግራሞች ከዋናው የቅንብር ፋይል ጎን ተጨማሪ ትናንሽ ፋይሎች የሚቀመጡበት ፎልደር አላቸው። ዋናውን ፋይል ሳንነካ ሦስት መስመር ያላት የራሳችንን ፋይል እናስቀምጣለን። ከዋናው ፋይል ጋር ስለማንጋጭ ያ ጥያቄ አይነሣም፤ የኛ ለውጥም ለብቻው ተለይቶ ይታያል። በተቻለ መጠን ይህን መንገድ እንድትመርጡ እመክራለሁ።

ሦስተኛው መምረጥ ነው። አፕት አንድ ፓኬጅ ከየትኛው ምንጭና በየትኛው ዕትም ይምጣ የሚለውን በቁጥር ይወስናል። ያልተተከለ ዕትም በተለመደው ሁኔታ 500 ነጥብ ያገኛል፤ የተተከለው 100 ያገኛል። እኛ በምርጫ ፋይል ውስጥ ሌላ ነጥብ መስጠት እንችላለን። ነጥቡ 1000 ሲደርስ ወደ አሮጌ ዕትም መመለስን እንኳ ይፈቅዳል፤ ከዜሮ በታች ሲሆን ደግሞ ያ ዕትም እንዳይተከል ይከለክላል።

አራተኛው ማዛወር ነው። ፓኬጁ በሚያመጣው ፋይል ምትክ የራሳችንን ማስቀመጥ የግድ ሲሆን፣ የፓኬጁ ፋይል በሌላ ስም እንዲቀመጥ ለዲፒኬጂ እናስታውቃለን። ይህ ዋጋ አለው፦ አዘጋጆቹ በዚያ ፋይል ላይ የሚያደርጉት እርማት ከዚያ በኋላ በቀጥታ አይደርሰንም።

አምስተኛው እንደገና መገንባት ነው። የፕሮግራሙን ምንጭ አምጥተን፣ አርመን፣ የራሳችንን ፓኬጅ እናዘጋጃለን። ከፍተኛ ነጻነት የሚገኘው እዚህ ነው፤ ከፍተኛ ኃላፊነትም እንዲሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የዚያ ፓኬጅ አዘጋጅ እኛ ነን፤ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝም የምንደፍነው እኛው ነን።

የዕትም ቁጥር ቀልድ አይደለም

አምስተኛውን ደረጃ ለሚሞክሩ ተመራቂ ተማሪዎች አንድ አደጋ በዝርዝር ላሳይ። የዕትም ቁጥሩ 2.4-1 የሆነ ፓኬጅ አርመን እንደገና ገነባን እንበል። የኛ መሆኑ እንዲታወቅ በመጨረሻው ላይ የመደመር ምልክትና በላቲን ሆሄ የተጻፈ «ቴፒ1» እንጨምራለን። ይህ ከ2.4-1 እንደሚበልጥ፣ ከ2.4-2 ግን እንደሚያንስ ፓኬጅ ማኔጀሩ ይረዳል። እስከዚህ ድረስ መልካም ይመስላል።

ነገር ግን የተረጋጋው የደቢያን 12 ዕትም የደኅንነት እርማት ሲደረግለት በቁጥሩ ላይ የመደመር ምልክትና «ዴብ12ዩ1» የሚል ቅጥያ ይጨመርበታል። ፓኬጅ ማኔጀሩ ሁለቱን ቅጥያዎች በላቲን ፊደል ተራ ያወዳድራል። በዚያ ተራ የ«ዴብ» መነሻ የሆነው «ዲ» ከ«ቴፒ» መነሻ ከ«ቲ» ይቀድማል። ስለዚህ የኛ አሮጌ ፓኬጅ ከአዲሱ የደኅንነት እርማት የበለጠ ሆኖ ይቆጠራል። እርማቱ አይገባም፤ የስሕተት መልእክትም አይታይም። ማሽኑ «ሁሉም የታደሰ ነው» እያለ ቀዳዳው ክፍት ይቀራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከመደመር ምልክቱ ቀጥሎ ዜሮ ካስገባን፣ የኛ ዕትም ከ2.4-1 ይበልጣል፤ ከደኅንነት እርማቱ ግን ያንሳል። በዚያን ጊዜ እርማቱ ይገባል፤ የኛ ለውጥም እንደገና ሊሠራበት እንደሚገባ እናውቃለን። አንዲት ዜሮ ይህን ያህል ትለውጣለች።

በዚህ አካባቢ ላደገ ሰው ቁጥር ስም ሆኖ ማገልገሉ እንግዳ አይደለም። ቡና አምራቾቻችን 74110 የሚለውን ዝርያ በቁጥሩ ይጠሩታል። የቡና ፍሬን የሚያጠቃው በሽታ በአገራችን ከተከሰተ በኋላ፣ በሽታውን እንዲቋቋሙ ከተመረጡት ዝርያዎች አንዱ ሲሆን፣ የቁጥሩ መነሻ የተመረጠበትን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያሳያል። ችግኙን በዓይን አይቶ ዝርያውን መለየት ለብዙዎች ያስቸግራል፤ ቁጥሩ ግን የትና መቼ እንደ ተመረጠ ወደሚናገረው መዝገብ ይመራል። የፓኬጅ ዕትም ቁጥርም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። መዝገቡን የማያከብር ቁጥር ከቁጥር አልባነት የከፋ ነው፤ ያሳስታልና።

የኢንተርኔት ጉዳይ

አሁን በተግባር ወደሚያስቸግረን ጉዳይ ልምጣ። አንድ ማሻሻያ 200 ሜጋባይት ነው እንበል። አርባ ማሽኖች እያንዳንዳቸው ከውጭ ቢያመጡት 8 ጊጋባይት ይሆናል። እንደ አፕት-ካቸር-ኤንጂ ያለ ጊዜያዊ ማከማቻ በግቢው ውስጥ በአንድ ሰርቨር ላይ ብናስቀምጥ፣ የመጀመሪያው ማሽን የጠየቀው ፓኬጅ አንድ ጊዜ ብቻ ከውጭ ይመጣል፤ የቀሩት ሠላሳ ዘጠኙ ከግቢው መረብ ይወስዳሉ። በየማሽኑ የሚያስፈልገው ለውጥ አንድ መስመር ያላት ፋይል ናት።

አንዳንዶች «ፓኬጆቹን በፍላሽ ብናዞርስ?» ይላሉ። እዚህ ላይ ስለ እምነት ማሰብ ያስፈልጋል። ደቢያን የማከማቻውን ማውጫ ዝርዝር በዲጂታል ፊርማ ያትማል፤ ዝርዝሩ በተራው የእያንዳንዱን ፓኬጅ የጣት አሻራ የያዙ ፋይሎችን ያረጋግጣል። ስለዚህ ፓኬጁ በየትኛውም መንገድ ቢመጣ፣ በአፕት በኩል እስከ ገባ ድረስ በመንገድ ላይ መነካቱ ይታወቃል። ከሰው ወደ ሰው በፍላሽ ተላልፎ በቀጥታ በዲፒኬጂ የሚተከል ፓኬጅ ግን በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አያልፍም። እኛም የራሳችንን ማከማቻ ብናቋቁም የራሳችን የፊርማ ቁልፍ ያስፈልገናል። ቁልፉ በአንድ ሰው ላፕቶፕ ሳይሆን በተቋሙ ኃላፊነት መያዝ አለበት።

ቅንብርን ራሱን ፓኬጅ ማድረግ

ከዚህ የሚቀጥለው እርምጃ የኛን ቅንብር ራሱን በፓኬጅ መልክ ማዘጋጀት ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1983 አቴና የተባለ የኮምፒውተር ፕሮጀክት ጀምሮ ነበር። ሥርዓቱ ከጊዜ በኋላ በደቢያን መሠረት ላይ ሲታደስ ዴብአቴና ተባለ። አዘጋጆቹ የተቋሙን ልዩ ቅንብር በየማሽኑ በእጅ ከመጻፍ ይልቅ በፓኬጆች አስቀመጡት። አንድ ተራ ማሽን የተቋሙ ማሽን የሚሆነው እነዚህን ፓኬጆች በመትከል ነበር።

ለእኛ መጀመሪያው ከዚህም ይቀላል። ሜታፓኬጅ የሚባለው በውስጡ ፕሮግራም የሌለው፣ «እነዚህን ፓኬጆች እፈልጋለሁ» ብቻ የሚል ፓኬጅ ነው። «የሁለተኛ ዓመት ላብራቶሪ» የሚል አንድ ሜታፓኬጅ ቢኖረን፣ አዲስ ማሽን ለማዘጋጀት የአንድ ትዕዛዝ ሥራ ይሆናል።

በዓለም ላይ ይህን ሐሳብ ወደ ፊት የገፉ ሌሎች ሥርዓቶች አሉ። በጄንቱ ተጠቃሚው አንድ ፕሮግራም ሲገነባ የትኞቹ ክፍሎች ይካተቱ፣ የትኞቹ ይቅሩ የሚለውን አስቀድሞ ይወስናል። ኤልኮ ዶልስትራ እ.ኤ.አ. በ2006 በኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናቱ ያብራራው ኒክስ ደግሞ እያንዳንዱን ፓኬጅ ከተሠራባቸው ግብዓቶች ሁሉ በሚወጣ መለያ ለይቶ ያስቀምጣል። በዚህ ምክንያት ሁለት ዕትሞች ሳይጋጩ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ጉክስም በዚሁ መንገድ ተከትሏል። የሁሉም መሠረት አንድ ነው፦ የማሽኑ ሁኔታ የሚነበብ ጽሑፍ ውጤት ይሁን የሚል።

አንድ ተገቢ ተቃውሞ

«አንዱን ማሽን በደንብ አዘጋጅቶ ዲስኩን ወደ ሌሎቹ መገልበጥ አይቀልም?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ለአንድ ሴሚስተር ይቀላል፤ የሚሠራበት ሰው ሁሉ ተሳስቷል አልልም። የተገለበጠ ዲስክ ግን ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አይነግረንም። የዳታቤዙ ቅንብር ለምን ተቀየረ? ይህ ፓኬጅ ለምን ታገደ? አዲስ ዕትም ሲመጣ ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ይቀጥላል? ዲስኩ ዝም ይላል። የተጻፈ ቅንብር ግን ከነአስተያየቱ ይመልሳል። ከጽሑፉ ዲስኩን ማዘጋጀት ይቻላል፤ ከዲስኩ ጽሑፉን ማውጣት ግን እጅግ አድካሚ ነው።

ለእኛ ተመራማሪዎች ደግሞ ሌላም ነገር አለ። የምናሳትመው ውጤት በየትኛው የሶፍትዌር ዕትምና በምን ቅንብር እንደ ተገኘ ማሳየት ካልቻልን፣ ሌላው ተመራማሪ ሊደግመው አይችልም።

ማበጀት ሲያበቃ

እስካሁን የራሳችንን ለውጥ እንዴት እንደምንጠብቅ ተናግሬአለሁ። ከሁሉ የተሻለው ለውጥ ግን መጠበቅ የማያስፈልገው ነው። ይኸውም ወደ ምንጩ ተልኮ ለሁሉም የደረሰ ለውጥ ነው።

ለዚህ ምስክሩ የራሳችን ፊደል ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ፊደል በኮምፒውተር ለመጻፍ እያንዳንዱ አዘጋጅ የራሱን ኮድ ይጠቀም ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ፊደሉን በላቲን ሆሄ ለመወከል ሴራ የተባለውን ሥርዓት አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል አካተተ። ዩኒኮድ 6.0 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ለጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ ቋንቋዎች የሚያገለግሉ ሆሄያትን ጨመረ።

ዛሬ የአቢሲኒካ ፊደል በደቢያን ውስጥ መደበኛ ፓኬጅ ነው። የሴራ መተየቢያም በዚያው ይገኛል። ጂሊብሲ በሚባለው የሊኑክስ መሠረታዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለአማርኛ፣ ለትግርኛ፣ ለግዕዝ፣ ለኦሮምኛ፣ ለሶማልኛ፣ ለአፋርኛ፣ ለሲዳምኛና ለወላይትኛ የአካባቢ መረጃ ፋይሎች አሉ። በእነዚህ ፋይሎች የቀናትና የወራት ስሞች እንዲሁም የቁጥርና የገንዘብ አጻጻፍ ተመዝግበዋል። ዳንኤል ያዕቆብ የሚመራው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በዚህ ሥራ ትልቅ ድርሻ አለው። አንድ ጊዜ ተጽፎ ወደ ምንጩ ስለ ተላከ፣ በቴፒም ሆነ በቶኪዮ ያለ የሊኑክስ ማሽን በአንድ ትዕዛዝ ያገኘዋል።

በዚያ ዝርዝር ውስጥ ግን ካፊኖኖ የለም። ሸኪኖኖ የለም። ቤንችኛ፣ ሸኮኛና መዠንግርኛም የሉም። እነዚህ ቋንቋዎች ከዚህ ግቢ አጥር ውጭ በየገበያው የሚነገሩ፣ የብዙዎቻችሁም የአፍ መፍቻ ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ዓለም አቀፍ የቋንቋ መለያ ኮድ አለ። የጎደለው ፋይሉ ነው። ፋይሉ ረጅም ፕሮግራም አይጠይቅም፤ በጥንቃቄ የተሰበሰበ መረጃ ይጠይቃል። የወራት ስሞችን እኛ የኮምፒውተር ሰዎች ልንፈጥራቸው አይገባም፤ ከተናጋሪዎቹና ከቋንቋ መምህራን ተጠይቀው መመዝገብ አለባቸው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ሐሳብ አድርጌ አቀርባለሁ። በመጀመሪያ፣ በየላብራቶሪው የሚደረግ ማንኛውም የቅንብር ለውጥ ከነምክንያቱ በጊት ይመዝገብ፤ የኢቲሲን ፎልደር ታሪክ የሚይዘው ኢቲሲኪፐር ለዚህ የተዘጋጀ ነው። ሁለተኛ፣ ለአንድ ላብራቶሪ አንድ ሜታፓኬጅና በግቢው ውስጥ አንድ የጋራ ማከማቻ እናዘጋጅ። ሦስተኛ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱን ይዛችሁ የአካባቢ መረጃ ፋይሉን ከቋንቋው ባለቤቶች ጋር አዘጋጁ፤ ወደ ምንጩም ላኩ።

ሦስተኛው ከተሳካ ፓኬጁ የእናንተን ስም ላያስታውስ ይችላል። ነገር ግን አንድ የቦንጋ ወይም የማሻ ተማሪ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ቀኑን በእናቱ ቋንቋ ያነባል፤ ለዚያም ማንንም ባለሙያ መጥራት አያስፈልገውም።